የሮማውያን ምሽግ ዓመቱን እንዴት ይዘልቃል? ከቪንዶላንዳ የታዘብኩት

የድንበር_ግንብ (ሄክሳም፣ እንግሊዝ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ስለ ሙዚየም መግቢያ ዋጋ በተነሳው ውይይት ላይ «ጥንታዊ ቦታ ያለው አካል አጥሮ ትኬት ከመቁረጥ ሌላ ምን ሥራ አለው?» የሚል ጥያቄ አነበብኩ። መልሱ በሁለት መስመር አልጨረስልሽ ስላለኝ ይህን ክር ከፈትኩ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ የሐድርያን ግንብ በሚያልፍበት አገር ነው። ቪንዶላንዳ በምትባለው የሮማውያን ምሽግ በበጎ ፈቃደኝነት በፊት በቁፋሮ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ጎብኚ አስጎበኛለሁ። ደመወዝተኛ አይደለሁም፣ በድርጅቱ ስምም አልናገርም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ122 ዓ.ም. ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውን ግንብ ማሠራት ጀመረ። ቪንዶላንዳ ከግንቡ በስተደቡብ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዕድሜ ግን ትቀድመዋለች። የመጀመሪያው ምሽግ የተሠራው በ85 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ጦሩ በተቀያየረ ቁጥር መጪው የቀድሞውን የእንጨት ቤት ያፈርስና በሣር ጓልና በሸክላ አፈር ደልድሎ በላዩ ላይ አዲስ ይሠራል። እንዲህ ሲደራረብ ኖሮ ዛሬ ዘጠኝ ምሽጎች አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተው ይገኛሉ።

ያ የሸክላ አፈር ነው የቦታዋ ሀብት። አየር ወደ ታች አያሳልፍም፣ ከሥሩ ያለውም አፈር ውሃ እንዳቆረ ይኖራል። አየር በሌለበት የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ሥራ ይፈታሉ። ሌላ ቦታ ድንጋይና ገል ብቻ ሲወጣ እዚህ ማበጠሪያ፣ የድንኳን ቆዳ፣ ከእንጨት የተጠረበ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የቦክስ ጓንት፣ በቀጭን የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ደብዳቤ ይወጣል። የቆዳ ጫማ ብቻ ከ5,000 በላይ ነው፤ የሴትና የሕፃን ጫማም አለበት። ምሽግ ማለት ወንዶች ብቻ የኖሩበት ሰፈር ነው ይባል የነበረውን አባባል ያፈረሱት እነዚያ ትናንሽ ጫማዎች ናቸው።

ስለዚህ ይህን ቦታ ማስተዳደር ማለት በየወቅቱ ውሃን ማስተዳደር ነው የሚል እምነት አድሮብኛል። ውሃው ከመሬት በታች ባለበት ካልቆየ ቅርሱ ይጠፋል፤ ከመሬት በላይ ወዳለው ግንብ ከገባ ደግሞ ግንቡ ይፈርሳል።

አስተዳዳሪው ቪንዶላንዳ ትረስት በ1970 የተቋቋመ ራሱን የቻለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከመንግሥት የሚቆረጥለት ቋሚ ዓመታዊ በጀት የለውም። የሚኖረው ከመግቢያ ትኬት፣ ከመጻሕፍትና ከመታሰቢያ ዕቃ ሱቁ፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከቁፋሮ ተሳታፊዎች ክፍያና ከልገሳ ነው። ለትልልቅ ሥራ ደግሞ እንደ ናሽናል ሎተሪ የቅርስ ፈንድ ካሉት ተወዳድሮ ገንዘብ ያገኛል። ከምሽጓ በስተምዕራብ ማግና የሚባለው ሌላ ምሽግና አጠገቡ ያለው የሮማ ጦር ሙዚየምም የሱ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት በሩ ሲዘጋ የትኬቱ ገቢ ወዲያው ቆመ። የማሳያ ሣጥኑ እርጥበት መቆጣጠሪያ ግን ሊቆም አይችልም፣ ጣሪያውም ይጠገናል፣ ሣሩም ይታጨዳል። ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው ለሚሉ ይቺን ዓመት አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ዓመቱ ልሂድ።

ክረምቱ ላይ፣ ማለትም በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ ለጥቂት ሳምንታት ለጎብኚ ይዘጋል፤ ለሠራተኛው ግን አይዘጋም። ግንቦቹ አፈር ውስጥ ሳሉ ውርጭ አያገኛቸውም ነበር። ቁፋሮ ካወጣቸው ወዲህ ዝናቡ በድንጋዮቹ መሀል ይገባል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ሲሰፋ ድንጋዩን ይገፋል። በየጠዋቱ ዞሮ ማየት፣ የተፈታውን መመዝገብ፣ የውሃ መውረጃውን መጥረግ የክረምት ሥራ ነው። ጥገናው ግን ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ የኖራ ጭቃ ውርጭ ካገኘው አይጠነክርም። ኖራ ነው ያልኩት፣ ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክርና ውሃውን መውጫ ይነሳዋል፤ በመጨረሻ የሚፈረፈረው ጥንታዊው ድንጋይ ይሆናል። ኖራ ሲያረጅ እሱ ራሱ ይረግፋል፣ ድንጋዩ ይተርፋል፤ ረገፈ ማለት ደግሞ እንደገና መሥራት ማለት ነው፣ በየዓመቱ።

ከፋሲካ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ይመጣሉ። የሮማውያን ዘመን በእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ስላለ ልጆቹ አንድ ነገር አውቀው ነው የሚመጡት፣ ጥያቄያቸውም ከአዋቂው ይልቅ የሰላ ነው።

ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ቁፋሮ ነው። በጎ ፈቃደኞች ሁለት ሁለት ሳምንት እየተፈራረቁ በባለሙያ አርኪዮሎጂስቶች ሥር ይሠራሉ። ጎብኚው ገመዱ አጠገብ ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ከጭቃው የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ከቆፋሪው አፍ ይሰማል። ብዙ ሙዚየም ያለቀ ነገር ያሳያል፤ እዚህ ሰው ለቁፋሮው ሲል በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳል። ገቢውን የሚያመጣው ቁፋሮው ነው፤ ወጪውን የሚያመጣውም ራሱ ቁፋሮው ነው። አንድ ጫማ ከጭቃ ማውጣት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከወጣ በኋላ ግን ሳይደርቅ ይታጠባል፣ በውስጡ ያለውን ውሃ የሚተካ ሰም መሰል ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ በቅዝቃዜ ይደርቃል፣ ይሣላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሣጥን ይገባል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱና እርጥበቱ ሳይዋዥቅ የሚኖርበት ክፍል ይፈልጋል፣ ለዘላለም። ትልቅ እንጨት ከሆነ መነከሩ ብቻ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ሴፕቴምበር ሲያልቅ የተቆፈረው ጉድጓድ ተለክቶ፣ ተሥሎ፣ አብዛኛው ተመልሶ በአፈር ይሸፈናል። ከዚያ ሪፖርት መጻፍ ነው። ያልተጻፈ ቁፋሮ ከዘረፋ ብዙም አይለይም ብዬ አምናለሁ፤ መሬቱ አንዴ ከተከፈተ ሁለተኛ አይከፈትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከወጡት ደብዳቤዎች አንዱን ኦክታቪየስ የሚባል ሰው ለካንዲደስ ጽፎታል። 5,000 ሞዲ (የሮማውያን የእህል መስፈሪያ ነው) ያህል እህል ገዝቻለሁ፣ ገንዘብ ካልላክህልኝ 300 ዲናር የሚሆነው ቀብዴ ይቀልጣል፣ እኔም አፍራለሁ ይለዋል። ሌላ ቦታ ያለ ቆዳም አላመጣሁም፣ መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ከብቶቹን መጉዳት አልፈለግኩም ይላል። ሌላው ሰሌዳ ደግሞ የጦር ክፍል ቆጠራ ነው፦ በሜይ 18 ቀን ጠቅላላ 752 ሰው፣ 456ቱ ሌላ ቦታ የተላኩ፣ ካሉት ውስጥ 15 ሕመምተኛ፣ 6 ቁስለኛ፣ 10 ዓይኑን የታመመ። ከ1,900 ዓመት በፊትም ያ ቦታ የሚተዳደረው በሰው እጥረት፣ በገንዘብ መዘግየትና በመንገድ ብልሽት መሀል ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ እዚህ አለሁ።

ጃንተከል_ጥላ (ጎንደር)

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የኖራውን ነገር ስታነሺ ልቤን ነካሽው። በፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ ጣሊያኖች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠግነው ነበር። ኋላ ላይ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ጭቃ እንዲተካ ተደረገ። ሥራው አሁንም የሚያልቅ አይደለም። እዚህ ውርጭ የለብንም፤ የክረምቱ ዝናብ ግን በጣሪያና በግድግዳ አናት እየገባ ያንኑ ጥፋት ያጠፋል። በልስኑ ውስጥም ዕፅዋት ሥር ይሰዳሉ።

ጥያቄ አለኝ። የግንቡን አናት በምን ነው የምትሸፍኑት? እኛ ጋ አናቱን በኖራ መድፈን ነው የተለመደው፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የድንበር_ግንብ

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። በሐድርያን ግንብ አካባቢ ሁለት ዓይነት ታያለህ። በአንዳንድ ቦታ የላይኛው ረድፍ በኖራ ተያይዞ ውሃ እንዲያንሸራትት ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። በሌላ ቦታ አናቱ ላይ አፈርና ሣር ይደረጋል፤ ሣሩ ዝናቡን ይመጥጣል፣ የሙቀትና የቅዝቃዜውን መፈራረቅም ያበርዳል። ሣሩ ግን ተመልካች ይፈልጋል፣ ካልተከታተሉት ቁጥቋጦ ይበቅልበታል። እንደኔ ለጎንደር የሣሩ ዘዴ በአንድ ትንሽ ግድግዳ ላይ ተሞክሮ ቢታይ ጥሩ ነበር። ውሳኔው ግን የዚያን ድንጋይ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው።

ትራስተቬሬ (ሮም)

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለምን ይቆፈራል? አንቺው ራስሽ አፈሩ ለ1,900 ዓመት ጠብቆታል አልሽ። እኔ ጣሊያን ከመጣሁ ጀምሮ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችውን የሮማውያን ከተማ፣ ፖምፔይን፣ ስከታተል ኖሬያለሁ። ከተማው 66 ሄክታር ነው፣ 22ቱ ገና ከአፈር በታች ነው። የተቆፈረው ክፍል ምን እንደደረሰበት ደግሞ ዓለም አይቷል። በኖቬምበር 2010 ከዝናብ በኋላ የግላዲያተሮች ቤት የሚባለው ሕንፃ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ነው 105 ሚሊዮን ዩሮ ተመድቦ ትልቁ የፖምፔይ ፕሮጀክት የተጀመረው። ገንዘቡ ደግሞ በዋናነት የዋለው ያለውን ለማትረፍ ነው፤ ተዳፋቱን ለማስተካከል፣ ውሃ ለማውረድ፣ ግድግዳ ለመደገፍ። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮም በቀን ከ20,000 ሰው በላይ እንዳይገባ ተወስኗል፣ ብዛቱም በራሱ ጉዳት ስለሆነ።

ያልተከፈተው ሲሶው ነው ዛሬ ደህና ያለው። የልጅ ልጆቻችን ከኛ የተሻለ መሣሪያ ይኖራቸዋል። ለገቢ ተብሎ መቆፈር ቅርስን መብላት ነው።

መዝገብ_ቤት (አዲስ አበባ)

ከሮም የመጣው ሐሳብ ግማሹ እውነት ነው። እኔ በዕቃ ቤት ነው የምሠራው። ቆፋሪ መጥቶ አውጥቶ ይሄዳል፣ ካርቶኑ ግን እኛ ዘንድ ይቀራል። ሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከደበዘዘ ዕቃው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ያኔ ዕቃው ዕቃ ብቻ ነው። የመጋዘን በጀት በማንም የቁፋሮ ፕሮጀክት ውስጥ ዋና ቦታ ሲሰጠው አላየሁም። እህቴ የጻፈችው «ለዘላለም» የሚለው ቃል እኛን ነው የሚመለከተው።

የድንበር_ግንብ

ትራስተቬሬ ወንድሜ፣ የአንተ ክርክር ለድንጋይና ለእሳተ ገሞራ አመድ ይሠራል፤ እኔም በመርህ ደረጃ አብሬህ ነኝ። ቪንዶላንዳም እስካሁን ሩብ ያህሏ እንኳ አልተቆፈረችም። አሁን ባለው ፍጥነት ቢቀጥል ከ150 ዓመት በላይ ይወስዳል ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ሞልቷል።

እርጥብ አፈር ግን ሌላ ነገር ነው። እርጥብ መሬት ጠባቂ የሚሆነው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ማግና የሚባለውን ምሽግ ጠቅሼ ነበር፤ አጠገቡ ረግረግ አለው። ረግረጉ እየደረቀ ነው። ዝናቡ በአንድ ጊዜ በኃይል ይመጣል፣ ከዚያ ረዥም ድርቅ ይከተላል፤ የውሃው ከፍታ ከፍ ዝቅ ሲል አየር ወደ ታች ይገባል። አየር አንዴ ከገባ መበስበስ ይጀምራል፣ ሲበሰብስ ደግሞ ከላይ ምንም አይታይም። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ በጎቹ ይግጣሉ፣ ከሥሩ ጫማውና ደብዳቤው እያለቀ ነው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ግንብ ሲፈርስ ቢያንስ ታየዋለህ።

ለዚህ ነው ከ2023 ጀምሮ በማግና የአምስት ዓመት ቁፋሮ የተጀመረው። የሎተሪው ፈንድ 1.625 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቷል። ከቲሳይድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው አፈሩ ውስጥ መለኪያ ቀብረው የውሃውን ከፍታ፣ ሙቀቱንና የአፈሩን ኬሚካላዊ ይዞታ ይከታተላሉ። በ2025 ከምሽጉ ቦይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝሙ ጫማዎች ወጡ፤ በቪንዶላንዳ እንዲህ ያለ ትልቅ እግር ብርቅ ነው። እነዚያ ጫማዎች ለመቶ ዓመት ይቆዩ ተብለው ቢተዉ ኖሮ ላይጠብቁን ይችሉ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «እንቆፍር ወይስ እንተው» ሳይሆን «መሬቱ ዛሬ ምን ላይ ነው» ይመስለኛል። ያንን የሚነግርህ መለኪያ ነው፣ መለኪያ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡ ከዚያው ትኬት ይመጣል።

መዝገብ ቤት፣ አንተ ያልከውን ቃል በቃል እቀበላለሁ። እንዲያውም ለዚያ ምስክር አለኝ፦ በ1993 በቁፋሮ ወጥቶ ከቁርጥራጭ ቆዳ ጋር በከረጢት የተቀመጠ ነገር በ2020 ሲፈተሽ ከቆዳ የተሠራች አይጥ ሆና ተገኘች። የልጅ መጫወቻ ሳትሆን አትቀርም። መጋዘኑ በሥርዓት ባይያዝ ኖሮ ያቺ አይጥ ዛሬም ቁርጥራጭ ቆዳ ነበረች።

ትራስተቬሬ (ሮም)

ስለ ረግረጉ ያልሽው አሳምኖኛል። ስለ ፖምፔይ ያልኩትን ግን አልለውጥም።

መዝገብ_ቤት (አዲስ አበባ)

አንድ ሌላ ጥያቄ። እነዚያ ደብዳቤዎች ዋናዎቹ ያሉት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ይባላል። እንዲያ ከሆነ የተገኙበት አገር ሙዚየም ምን ያሳያል? እኛ የመቅደላን ጉዳይ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ዝም ማለት አንችልም።

የድንበር_ግንብ

ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዎቹ የተገኙት በማርች 1973 ነው። አርኪዮሎጂስቱ ሮቢን በርሊ ቀጫጭን የእንጨት ልጣጮች አገኘ፣ ሁለቱ ተጣብቀው ነበር፤ ሲላቀቁ ውስጣቸው በቀለም ተጽፏል። ግን አየር ሲያገኘው ጽሑፉ ጠቆረና ጠፋ። ያተረፈው በኒውካስል በኢንፍራሬድ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ሰሌዳዎቹ የፖስታ ካርድ ያህል ናቸው፣ ውፍረታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ያንን የሚጠብቅ ክፍልና ባለሙያ በዚያን ጊዜ በገጠር ባለ ትንሽ ሙዚየም አልነበረም። በ1986 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፣ በስምምነት።

ከመቅደላ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የመቅደላው በ1868 በጦርነት የተዘረፈ ነው፤ የቪንዶላንዳው ባለቤቱ ፈቅዶ የሰጠው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የመቅደላን ጥያቄ ያቀልለዋል ብዬ እፈራለሁ።

የሚመሳሰሉበት ነገርም አለ። በ2011 የቪንዶላንዳ ሙዚየም ሲታደስ የሰሌዳዎቹን ሙቀትና እርጥበት የሚጠብቅ የታሸገ ማሳያ ተሠራና ጥቂቶቹ በውሰት ወደ ወጡበት ቦታ ተመለሱ። ሰው ቆሞ ሲያያቸው አያለሁ። ለንደን ውስጥ ያው ሰሌዳ ከብዙ ሺህ ዕቃ አንዱ ነው። እዚህ ግን ጎብኚው አይቶት ይወጣና ደብዳቤው የተጣለበትን መሬት ይረግጣል። «እዚያ ደህና ናቸው፣ እናንተ መጠበቅ አትችሉም» የሚለው ክርክር ምን ያህል ጊዜያዊ እንደሆነ ያየሁት በዚህ ነው፤ ክፍሉ ሲሠራ ክርክሩ አበቃ።

ከሁሉ የሚታወቀው ደብዳቤ የልደት ግብዣ ነው። በ100 ዓ.ም. አካባቢ ክላውዲያ ሰቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት ለሱልፒሲያ ሌፒዲና የላከችው ነው፣ በሴፕቴምበር 11 ለልደቴ ነዪልኝ እያለች። አብዛኛውን ጸሐፊ ጽፎታል፤ መጨረሻው ላይ ግን በራሷ እጅ «እህቴ፣ እጠብቅሻለሁ» ብላ ጨምራለች። በላቲን ከተጻፉት ውስጥ በሴት እጅ መጻፉ የሚታወቅ ከዚህ የሚቀድም አልተገኘም።

ጡረታ_ላይ (ዋሺንግተን ዲሲ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ አነበብኩ። በወጣትነቴ አንድ መምህራችን በዚያ ግንብ አጠገብ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ከሮማ ንጉሥ ጋር ተገናኝቷል ብለው ነግረውን ነበር። እውነት ነው? የአክሱም ሰው ሊሆን ይችላል?

የድንበር_ግንብ

ጋሼ፣ መምህርዎ ከሜዳ አላመጡትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው፤ እሱ ራሱ አፍሪካ ውስጥ በሌፕቲስ ማግና፣ በዛሬዋ ሊቢያ፣ ተወለደ። በ208 ብሪታንያ መጣ፣ በ211 በዮርክ ሞተ። ከዘመናት በኋላ የተጻፈ የነገሥታት ታሪክ፣ ከዛሬዋ ካርላይል አቅራቢያ ግንቡን ጎብኝቶ ሲመለስ «ኢትዮጵያዊ» የተባለ ወታደር የጥድ ዓይነት ቅጠል አክሊል ይዞ አገኘው፣ ንጉሡም እንደ ክፉ ምልክት ቆጠረው ይላል። መጽሐፉ በተረት የተሞላ ስለሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች በጥንቃቄ ነው የሚይዙት። ሮማውያን ደግሞ ያንን ስም ከግብፅ በታች ላለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይሰጡት ስለነበር የአክሱም ሰው ነው ለማለት አያስችልም።

በድንጋይ ላይ የተጻፈ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ለሌላ አፍሪካዊ ጦር ነው። በግንቡ ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ፣ አባላቫ በተባለው ምሽግ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የማውሪ ጦር ሰፍሮ ነበር። ለጥቁር ተማሪዎች ሳስጎበኝ የምናገረው ይህንን ነው፤ የተረጋገጠው ይበቃናል።

ጡረታ_ላይ (ዋሺንግተን ዲሲ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እንዲህ ለይተሽ ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል።

ቀጥታ_ጥያቄ (ፍራንክፈርት)

እኔ የከበደኝ ሰው ከፍሎ ይቆፍራል የምትሉት ነው። ጉልበቱንም ገንዘቡንም ይሰጣል? ይሄ ብዝበዛ አይደለም?

ነርስ_በርሚንግሃም

እኔ ከፍዬ ሠርቻለሁና ልመልስ። ክፍያው ለቁፋሮው፣ ለመሣሪያውና የወጣውን ለመንከባከብ ይውላል፣ ይህ አስቀድሞ ይነገራል። እኔ ሙያው የለኝም፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ባለሙያ አጠገቤ ቆሞ እያስተማረኝ ነው የሠራሁት። እሱ ብቻውን ቢሆን በፍጥነት ይጨርሰው ነበር።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ታችኛው ንብርብር ስንደርስ አፈሩ ጥቁር ሆነ፣ ሽታው እንደ በረት ነው። ወለሉ ላይ ሮማውያን ያነጠፉት ገለባና የዱር ፈርን አለ። ሲገለጥ ቅጠሉ ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ ዓይኔ እያየ አየር ነካውና ጠቆረ። የሰው እጅ ያነጠፈው ሣር ነው! ለዚያ የከፈልኩትን ዛሬም በደስታ እከፍላለሁ።

ቀጥታ_ጥያቄ (ፍራንክፈርት)

እሺ፣ ለጎብኚ መልሱ ገባኝ። ለችግረኛ ተማሪ ግን በሩ ጠባብ ነው የሚለውን አሁንም እይዛለሁ። ከፋዮች ብቻ የሚቆፍሩት ታሪክ የከፋዮች ጥያቄ ብቻ እንዳይሆን።

የድንበር_ግንብ

ይህ የሚገባ ነቀፌታ ነው፣ እኔም ያሳስበኛል። ከፊል መልስ የሚሆነው ቁፋሮ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በማስጎብኘትና በሌሎች የበጎ ፈቃድ ሥራዎች ያለ ክፍያ መግባት ይቻላል፣ እኔም አሁን ያለሁበት ይኸው ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም። ቋሚ በጀት የሌለው ድርጅት ሁሉንም በነፃ ቢያደርግ በሚቀጥለው ክረምት ኖራውን በምን ይገዛል? መንግሥት ድርሻውን ቢወስድ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፣ ቢያንስ የመጋዘኑንና የግንቡን ጥገና። ትርኢቱን ትኬት ይሸከመው፣ ጥበቃውን ግን የሕዝብ ገንዘብ።

ጃንተከል_ጥላ (ጎንደር)

በዚህ እስማማለሁ፣ በአንድ ማስጠንቀቂያ። የሕዝብ ገንዘብ የሚለቀቀው በበጀት ዓመት ነው፣ ግድግዳ ግን በበጀት ዓመት አይፈርስም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ገንዘቡ እጅ ላይ ካልኖረ ጥቅሙ ግማሽ ነው። የትኬት ገንዘብ ጥሩነቱ እዚያው መቅረቱ ነው። የትኬቱ ገቢ ከቦታው ወጥቶ ወደ አጠቃላይ ካዝና ከሄደ ጥበቃ ሠራተኛው እንኳ መጥረጊያ ለምኖ ነው የሚገዛው። ስለዚህ የቪንዶላንዳ ትልቁ ትምህርት ለኔ፣ ገቢው ከተገኘበት መሬት አለመውጣቱ ነው።

መዝገብ_ቤት (አዲስ አበባ)

ጃንተከል ያለውን ሁለት ጊዜ አስምሩበት። የጥንት ሰው ቅሪት የሚቆፈርባት መልካ ቁንጡሬ በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብታለች። እንዲህ ያሉ በቁፋሮው ቦታ ላይ ያሉ ሙዚየሞች ስማቸው በገነነ ቁጥር እንግዳ ይበዛል፤ ገቢው እዚያው ለጥበቃ ካልዋለ ግን እንግዳው ራሱ ሸክም ይሆናል።

ተማሪ_ሊድስ

ሰላም ለሁላችሁ። አርኪዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በሚመጣው ወቅት መቆፈር እፈልጋለሁ። መቼ ነው የምመዘገበው? ያለ መኪና መድረስ ይቻላል? ምን ልያዝ?

የድንበር_ግንብ

እንኳን ደህና መጣህ። ዕድሜ 16 መሙላት ነው፣ ልምድ አይጠየቅም። ምዝገባው ለሚቀጥለው ዓመት የሚከፈተው ኖቬምበር አካባቢ ነው፤ ቦታው በጣም በፍጥነት ስለሚያልቅ ቀኑን ከድረ ገጻቸው አስቀድመህ እይና በሰዓቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተገኝ። ካመለጠህ ተስፋ አትቁረጥ፣ ሰው ሲሰርዝ ቦታ ይለቀቃል።

ከኒውካስል በባቡር ባርደን ሚል ድረስ መምጣት ትችላለህ፤ ከዚያ ዳገቱ በእግር ይወጣል። በወቅቱ የግንቡን መስመር ተከትሎ የሚሄድ አውቶቡስም አለ፣ ቁጥሩ ኤዲ 122 ነው፣ ግንቡ በተጀመረበት ዓመት የተሰየመ። ማረፊያህን ግን ቀድመህ ያዝ፤ ክፍያው ማረፊያን አይጨምርም፣ በበጋ ደግሞ አካባቢው በእግረኛ መንገደኛ ይሞላል።

ውሃ የማያስገባ ጫማና ካፖርት፣ የጉልበት መደገፊያ፣ ጓንት፣ ምሳህን። በበጋ ትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች ስላሉ የሚያባርር ቅባት አትርሳ። የቴታነስ ክትባትህ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጥ። የዩኒቨርሲቲህን ክፍል ደግሞ ለመስክ ሥራ የሚሰጡት ድጋፍ ካለ አሁኑኑ ጠይቅ፤ ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን ላነሳው ችግር ለጊዜው የማውቀው መፍትሔ እሱ ነው።

ተማሪ_ሊድስ

አመሰግናለሁ እህቴ። ነገ ክፍሉን እጠይቃለሁ፣ የሚሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።